ስም መጥሪያ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም

ነጋዴ ከገንዘቡ ይልቅ ስሙን ይጠብቃል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ ዛሬ ቢጠፋ ነገ ሊገኝ ይችላል፤ ስሙ የጠፋ ነጋዴ ግን ዱቤ የሚሰጠው፣ ዋስ የሚሆነው፣ ቃሉን አምኖ ዕቃ የሚልክለት ደንበኛ አያገኝም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውም ተረት የሚነገረው ስለዚሁ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚመለከተው በሰው አፍ ያለውን ስም ነው። በመዝገብ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ጠባይ አለው። በሰው አፍ ያለው ስም ከመልክ፣ ከሰፈርና ከዘመድ ጋር ተያይዞ ስለሚነገር ባለቤቱን ያስታውቃል፤ በመዝገብ የሰፈረው ግን መልክም፣ ሰፈርም፣ ዘመድም የለውም፤ ጥቂት ፊደላት ብቻ ነው። እነዚህንም ጥቂት ፊደላት ሁለት ሰዎች፣ አንዳንድ ጊዜም ሃያ ሰዎች በአንድነት ይጠሩባቸዋል።

ለዚህ ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጫሞ ሐይቅ አካባቢ ሙዝ እየገዙ ወደ አዲስ አበባ የሚያስጭኑ ሁለት ነጋዴዎች አሉ እንበል። የሁለቱም ስም አንድ ነው፤ የአባታቸውም ስም እንዲሁ። በአርባ ምንጭ ገበያ ይህ ማንንም አያሳስትም፤ ሰው አንደኛውን በሰፈሩ፣ ሁለተኛውን በመኪናው እየለየ ይጠራቸዋል። ከሁለቱ ሞክሼዎች አንዱ ገንዘብ ተበድሮ ቀኑ ሲደርስ ሳይከፍል ይቀራል። አበዳሪው ይከሳል፤ ይፈረድለታል፤ የተበዳሪው ሒሳብ እንዲታገድ ደብዳቤ ይጻፋል። በደብዳቤው ላይ የሰፈረው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው። ደብዳቤው የደረሰው ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ስሙን ባገኘ ጊዜ ሥራውን የፈጸመ ይመስለዋል፤ ያገኘው ግን ሁለተኛውን ሰው ነው። ንጹሑ ነጋዴ ይህን የሚያውቀው ለገበሬው የሙዙን ዋጋ ሊከፍል ወደ ባንክ በሄደ ዕለት ነው። «ተበዳሪው እኔ አይደለሁም» ይላል፤ «ስምዎ ይኸው ተጽፏል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ከቀበሌ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ባንክ ሲመላለስ ሙዙ አይጠብቀውም። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ የሚኖረው ዕድሜ በቀን የሚቆጠር ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው እንደሌለ ማስተዋል ይገባል። አበዳሪው ገንዘቡን መጠየቁ፣ ዳኛው መፍረዱ፣ ጸሐፊውም የታዘዘውን መፈጸሙ ተገቢ ነው። ስሕተቱ ስም ሊሠራው የማይችለውን ሥራ እንዲሠራ መታዘዙ ነው። ስም ሰውን ለመጥራት ይበቃል፤ የተጠራው ሰው ማን እንደ ሆነ ለመመስከር ግን አይበቃም። ጥፋቱ የአንድ ሰው ስላልሆነም ማንም ኃላፊ ሳይሆንበት ይቀራል፤ ኪሳራው የሚወድቀው ምንም ባላጠፋው ሞክሼ ላይ ነው።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ የሚጸናበት ምክንያት የታወቀ ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ አስፈላጊ ሲሆንም የአያቱን ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። ልማዱ መልካም ጎን አለው። ሴት ባል ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ስለዚህ ነጋዴ የሆነች ሴት ከጋብቻ በፊት የተዋዋለችው ውልና ያወጣችው ፈቃድ ከጋብቻም በኋላ በዚያው ስም ይቀጥላል። በሌላ በኩል ግን ወላጆች የሚወዷቸው ስሞች ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ ስምና የአባት ስም አንድ ላይ መገጣጠማቸው አይቀርም። የልጅና የአባት ስም ቦታ እየተለዋወጠም ያደናግራል። ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው እስከ 1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ደግሞ በ1966 ዓ.ም. በዚያው ማዕረግ ለጥቂት ወራት አገልግለዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ የቱ አባት፣ የቱ ልጅ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚመዘግብ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ግን አባትን «እንዳልካቸው» በሚለው፣ ልጅን «መኰንን» በሚለው ተርታ ያስቀምጥና የአንድ ቤት ሰዎችን ሁለት ቤተሰብ ያደርጋቸዋል። የማይተዋወቁ፣ ነገር ግን የአባታቸው ስም የገጠመ ሁለት ሰዎችን ደግሞ ወንድማማች ያስመስላቸዋል።

ሕግ አውጪዎቹ ይህን ጉዳይ ቀደም ብለው አስበውበት ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ደንግጓል። ያው ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ሰፊ ክፍል ነበረው። ይሁን እንጂ የቤተ ዘመድ ስም በሕዝቡ ዘንድ አልለመደም፤ የክብር መዝገቡም በሥራ ላይ እንዲውል የተለየ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ በዚያው ሕግ ማለቂያ ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ስለ ወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከ50 ዓመት በላይ በቆየው በዚህ መካከል የተወለደ ሰው ማንነቱ የሚታወቀው በጎረቤት ምስክርነት፣ በቀበሌ ወረቀትና በትምህርት ቤት መዝገብ ነበር። ዛሬ በንግድ ላይ ያለው ትውልድ አብዛኛው ከዚሁ ዘመን የወጣ ነው።

እስካሁን የተነገረው አንድ ስም ስለሚጋሩ ሁለት ሰዎች ነው። ተቃራኒውም ጉዳት ከዚህ አያንስም፤ ይኸውም አንድ ሰው በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ መገኘቱ ነው። የአማርኛ ፊደል አንድ ድምፅ ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደላት አሉት፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ የተጻፈውን «ሀይለስላሴ» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ለጆሮ ምንም ለውጥ አላደረገም፤ ለኮምፒዩተር ግን ሌላ ሰው ፈጥሯል። አንዱ ጸሐፊ ሁለት ቃል ያለውን ስም ያጣምረዋል፤ ሌላው ይለየዋል፤ ሦስተኛው ግማሹን ቆርጦ ይተወዋል። የመቁረጡ ጉዳት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለመረዳት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚደንት የነበሩትን ዶክተር አክሊሉ ሀብቴን ማሰብ ይበቃል። ሁለቱም በአንድ ዘመን በከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ «ወልድ» የሚለውን ቃል የዘለለ አንድ ቸኩል ጸሐፊ የአንዱን ደብዳቤ በሌላው ፋይል ውስጥ ለማስገባት ይቀርባል።

በጋሞ ምድር ይህ ነገር ሌላም ምክንያት አለው። በጋሞኛ የወጣ ስም በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ጸሐፊው በሰማው መጠን ይጽፈዋል። በደቡብ አገር ብዙ ሰዎች ትምህርት ቤት ሲገቡ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ በአማርኛ ስም መጠራት መጀመራቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በትውልድ ቀዬው በአንድ ስም ርስት ያለው ሰው በከተማ በሌላ ስም ንግድ ፈቃድ ይዞ ይገኛል። የአገሩም ስም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በጠቅላይ ግዛትነቱ ዘመን «ገሙ ጎፋ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው በኋላ «ጋሞ ጎፋ»፣ አሁን ደግሞ ራሱን ችሎ «ጋሞ ዞን» ተብሏል። ጫሞ ሐይቅ እንኳ በአሮጌዎቹ የአውሮፓውያን ካርታዎች ላይ በአንድ ኢጣሊያዊ መስፍን ስም «ሩስፖሊ»፣ ጎረቤቱ አባያም በኢጣሊያ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ተብለው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ካርታ የሚያነብ ሰው ሐይቁን አይስተውም፤ ከስሙ ሌላ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር አለውና። ስም ቢለዋወጥ ቁጥሩ ሐይቁን በቦታው ያገኘዋል። ለሐይቅ የታሰበው ለሰው ለምን ይጎድለዋል?

ሌሎች ሕዝቦችም በዚሁ ችግር አልፈዋል፤ እያንዳንዱም የራሱን መላ ፈልጓል። አይስላንዳውያን እንደ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በራሳቸውና በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ የስልክ መዝገባቸው የተደረደረው በግል ስም ተርታ ሲሆን፣ ሞክሼዎችን ለመለየት ከስሙ አጠገብ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ይጻፍበት ነበር። ለመንግሥትና ለባንክ ጉዳይ ግን ማንኛውም አይስላንዳዊ 10 አሃዝ ያለው የግል መለያ ቁጥር አለው። በዌልስ አገር ጆንስና ዴቪስ የሚባሉ ሰዎች እጅግ ስለሚበዙ የመንደሩ ሰው ወተት ሻጩን ጆንስ ከዳቦ ጋጋሪው ጆንስ በሥራቸው እየለየ መጥራት ልማዱ ነው። የአርባ ምንጭ ገበያተኛ ሞክሼዎችን በሚሸጡት ዕቃ ሲለይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የመንደር መለያ ወደ መዝገብ አለመግባቱ ነው።

የንግድ ሕግ በበኩሉ ለድርጅት ስም የሰጠውን ጥበቃ ልብ ማለት ይጠቅማል። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በእርሱ ፈንታ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ ሕግ ስለ ንግድ ስም ይደነግጋሉ። ቀደም ሲል ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነ፣ ወይም ሰውን እስኪያሳስት ድረስ የሚመሳሰል የንግድ ስም አይመዘገብም። እንግዲህ ሱቅ ሞክሼ እንዳይኖረው ሕግ ይጠብቀዋል፤ የሱቁን ባለቤት ግን በዚህ መንገድ ሊጠብቀው አይችልም። ለልጅ ስም ያወጣ አባት ይህ ስም ተይዟል ተብሎ ሊከለከል አይገባምና። ሰውን ከሞክሼው የሚለየው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ያ ሌላ ነገር ደግሞ ዛሬ የለም የሚባል አይደለም። ነጋዴ ሁሉ የጣት አሻራውን ሰጥቶ የሚያወጣው 10 አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያም 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር አለው፤ ባንኮችም ደንበኞቻቸውን ከዚሁ ጋር ማያያዝ ጀምረዋል። መሣሪያው ከተገኘ በኋላ የቀረው ልማድ ነው። ቁጥሩ በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ሳለ ደብዳቤው አሁንም በስምና በአባት ስም ብቻ ከተጻፈ፣ ቁጥሩ በሳጥን ተቆልፎ እንደ ተቀመጠ መብራት ይቆጠራል።

ከዕዳና ከግብር ይልቅ ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታወቀው በፈጠራ መዝገብ ላይ ነው። ዕዳ የተሳሳተበት ሰው ወዲያው ይጮኻል፤ ፈጠራው በሌላ ስም የተጻፈበት ግን ምናልባት ከዓመታት በኋላ ይሰማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለፓተንት 15 ዓመት ሰጥቶ፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት እንዲጨመርለት ፈቅዷል። ለአነስተኛ ፈጠራና ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍም እየታደሰ የሚሄድ የ5 ዓመት ዘመን ወስኗል። መብቱን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን አሁን የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይባላል። በዚህ ዘመን ሁሉ ውስጥ መብቱን የሚያድሰው፣ የሚሸጠው፣ የሚያወርሰው፣ የነጠቀውን የሚከሰው በመዝገቡ ላይ ስሙ የተገኘው ሰው ነው። ሞክሼ ያለው ሰው ይህን ሳያስብ ስሙንና የአባቱን ስም ብቻ ጽፎ ቢወጣ፣ ከእርሱ ሞት በኋላ ልጆቹ «የአባታችሁ መሆኑን አስረዱ» ሲባሉ ምን ይዘው ይቀርባሉ?

በፓተንት መዝገብ ላይ ፈልሳፊውና ባለመብቱ በሁለት ልዩ ልዩ ዓምድ እንደሚጻፉም ነጋዴ ሊያውቅ ይገባዋል። የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በኋላም በአሜሪካ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚዘጋውን የዜብራ መስል እንዲያጠፋ ለሚያስችል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1993 ፓተንት ሲሰጥ፣ ስማቸው ከፈልሳፊዎቹ ተርታ ተጻፈ። ባለመብት ሆኖ የተመዘገበው ግን በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክብሩ በአንደኛው ዓምድ፣ ንብረቱ በሁለተኛው ዓምድ ሆነ ማለት ነው። በውጭ አገርም ዝርዝር ውስጥ እርሳቸውን የሚፈልግ ሰው «ለማ» በሚለው የአባታቸው ስም ሥር መፈለግ አለበት፤ በዚያ ስም ሥር ደግሞ የአባታቸው ስም ለማ የሆነ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀዋል።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ አለመሆኑም መነገር አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. 10 ሚሊዮንኛውን ፓተንት ስትሰጥ፣ በሰነዶቹ ላይ የፈልሳፊው ስምና የሚኖርበት ከተማ ተጽፎ ይገኝ ነበር እንጂ ሰውየውን ከሞክሼው የሚለይ የግል ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ የትኛው ፓተንት የየትኛው ሰው እንደ ሆነ ለመገመት ሊቃውንት የተለየ የኮምፒዩተር ስሌት ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። ተመራማሪዎች በበኩላቸው ጽሑፋቸው በሞክሼ እንዳይወሰድባቸው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል 16 አሃዝ ያለው መለያ ይዘዋል። ትልቁ አገር በኋላ ለማረም የደከመበትን፣ መዝገቡ ገና አነስተኛ የሆነ አገር ከመጀመሪያው አስተካክሎ ቢይዘው ትርፉ የራሱ ነው።

የሰው ብቻ ሳይሆን የኩባንያ ስምም መብትን ይዞ ሊጠፋ እንደሚችል የጤፍ ነገር አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝሀ ሕይወትና የእርሻ ምርምር መሥሪያ ቤቶች ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ጥቅም መጋራት ተዋዋሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ግን ከሰረ። ውሉ ከከሰረው ስም ጋር ቀረ፤ ፓተንቱ ግን ሌላ ስም ባለው ኩባንያ እጅ ገባ። በመጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈጠራነት የለውም ሲል በሆላንድ የነበረውን ፓተንት ሻረው። እስከዚያው ድረስ ኢትዮጵያ ከተዋዋለችበት ወረቀት ያገኘችው ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ውል የሚገባ ነጋዴ እንግዲህ የተዋዋዩን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ከስሙ በስተጀርባ ማን እንዳለና መብቱ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ግዴታው አብሮ እንዲተላለፍ መጻፉን መመርመር አለበት።

ይህ ሁሉ ለጋሞ ሰው የሩቅ ወሬ መስሎ እንዳይታየው። የዶርዜ ሸማኔ አዲስ የጥለት ንድፍ ያወጣል፤ ከጨንቻ ደጋ እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ይሸጣል። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የእንሰት መፋቂያ መሣሪያን ለማሻሻል ጥናት ተደርጓል። ከብረታ ብረት ሠራተኛውም፣ ከዓሣ አስጋሪውም፣ ከአፕል አልሚውም መካከል ሥራ የሚያቃልል ብልሃት የሚያገኝ አይጠፋም። ከአባት የተወረሰው የጋራ ጥለት የማንም ግለ ሰብ ንብረት ሆኖ መመዝገብ የለበትም፤ አዲስ የተወለደው ንድፍ ግን አውጪው ካላስመዘገበው ሌላው ያስመዘግበዋል። ባስመዘገበም ጊዜ የሸማኔው ስም በመንደሩ ውስጥ የአሥር ሰው ስም ከሆነ፣ ምስክር ወረቀቱ ለአሥሩም የተሰጠ ያህል ይሆናል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ሰውን በቁጥር መጥራት ክብሩን መንካት ነው የሚል ነው። ነገር ግን ቁጥር ስምን አይተካም። ሰው በስሙ ይጠራል፣ ይመሰገናል፣ ይታወሳል፤ ቁጥሩ የሚያገለግለው የአንዱ ሥራ በሌላው ላይ እንዳይቆጠር ነው። የሞክሼውን ዕዳ ተሸክሞ ከመንገላታት የበለጠ ክብርን የሚነካ ነገር የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው፤ ቁጥሩ በየደረሰኙና በየማስታወቂያው ከተበተነ ለአጭበርባሪ መሣሪያ ይሆናል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ የፋይዳ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ፋይል እንዲቀመጥ፣ ለሕዝብ በሚታየው መዝገብ ላይ ግን ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ከተማና የተመዘገበበት ዓመት ብቻ እንዲወጣ ማድረግ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ሰብሳቢው ለያዘው መረጃ ኃላፊ እንዲሆን ያስገድደዋል።

እንግዲህ ከነጋዴው ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ፣ ስሙን ከነአያቱ በአንድ ዓይነት ፊደል ወስኖ፣ በንግድ ፈቃዱ፣ በባንክ ደብተሩ፣ በቤት ካርታውና በውሉ ሁሉ ላይ ያንኑ ይጻፍ፤ የላቲኑንም አጻጻፍ እንደ ፓስፖርቱ ያድርግ። ሁለተኛ፣ ልዩነት ካገኘ ነገ ሳይል በሕጋዊ መንገድ ያስተካክል፤ በሰላም ጊዜ የሚታረም ፊደል በክርክር ጊዜ ተራራ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በሚሰጠውና በሚቀበለው ደረሰኝ ላይ የግብር ከፋይ ቁጥር መኖሩን ይመልከት። አራተኛ፣ ፈጠራ ወይም ንድፍ ሲያስመዘግብ በፈልሳፊው ዓምድና በባለመብቱ ዓምድ የሚጻፈውን ሳያነብ አይፈርም፤ የእድሳቱንም ቀን በቤቱ መዝገብ ይያዝ፤ ወራሾቹም ያ መዝገብ የት እንዳለ ይወቁ።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው ከዚህ ይበልጣል። በስምና በአባት ስም ብቻ የተጻፈ የዕግድ ደብዳቤ መቀበል መቅረት አለበት፤ ደብዳቤው ቢያንስ ሁለት መለያ ይያዝ፤ ከሌለውም ላኪው እንዲያሟላ ይመለስለት። ስሕተት ሲደርስ የማስረዳቱ ሸክም በሞክሼው ትከሻ ላይ አይጣል። ስሙን ብቻ አይቶ ያገደው መሥሪያ ቤት ሰውየው ያው መሆኑን በቁጥር ያረጋግጥ፤ ማረጋገጥ ካልቻለ በተወሰነ ቀን ውስጥ ዕግዱን ያንሣ። ከጨንቻ ተራራ ወርዶ ለአንድ ፊደል ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው የመኪና ኪራዩን የሚከፍለው ከልጆቹ ምግብ ላይ ቀንሶ ነው።

የንግድ ምክር ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የአባላታቸውን ዝርዝር በሦስት ስምና በንግዱ ዓይነት አደራጅተው፣ ሞክሼ የሆኑትን ለይተው ምልክት ቢያደርጉባቸው፣ ከባንክ ወይም ከፍርድ ቤት ጥያቄ ሲመጣ በአንድ ቀን መልስ ለመስጠት ይችላሉ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጥንቁቅ ጸሐፊና ንጹሕ መዝገብ ነው።

አባት ለልጁ ስም ሲያወጣ የሚመኝለት በጎ ነገር አለ፤ ያ ስም በመዝገብ ቤት ቸልተኝነት የሌላ ሰው ዕዳ መሸከሚያ እንዲሆን የሚመኝ አባት ግን የለም። የገበያው ሰው ሁለቱን የሙዝ ነጋዴዎች ያለ ምንም ችግር ይለያቸዋል። መዝገቡም ገበያው የሚያውቀውን ያህል እንዲያውቅ መጠየቅ ከመጠን ያለፈ ጥያቄ አይደለም።